መጋረጃውን ግለጡልኝ

ባለፈው ጥር፣ የጥምቀት ታቦት በገባ በማግሥቱ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚጓዝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነበር። ወንበሬ መስኮት አጠገብ ነበር፤ ትኬት ቆራጯ «የትኛውም ቢሆን ያው ነው» ስትለኝ «ያው አይደለም» ብዬ ተከራክሬ ያገኘሁት ወንበር። አዳማን አልፈን ፀሐይዋ ጠንከር ማለት ስትጀምር ረዳቱ ፊልም ከፈተ። ወዲያው ከኋላዬ አንድ ወጣት ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገና «ወንድሜ፣ መጋረጃዋን ዝጋት እስቲ፤ ነጸብራቁ ፊልሙን ከለከለን» አለኝ። ከማዶ ረድፍ አንዲት እናት «አዎ ልጄ፣ ፀሐዩም ጥሩ አይደለም» ብለው አገዙት። ዙሪያዬን ስመለከት የሁሉም መጋረጃ ተዘግቷል። በዚያ ሁሉ ሰው በተሳፈረበት መኪና ውስጥ አገር የሚታይባት ቀዳዳ የእኔዋ ብቻ ነበረች።

ዘጋኋት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዘጋኋት ነው። ባልዘጋት ኖሮ አይቼ፣ ረክቼ፣ ዝም ብዬ በተመለስሁ ነበር። የተቆጣ ሰው ጽሑፍ የሚጥም አይመስለኝም፤ ቢሆንም ወዳጆቼ ዛሬ ታገሡኝ።

እንጀራዬ ከባንክ ነው። በሥራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የምቀመጥበት ስፍራ ራሱ «መስኮት» ይባላል፤ መስኮት ቁጥር 4። ከዚያ መስኮት የሚታየው ግን የሰው ግንባር፣ የመታወቂያ ፎቶግራፍና የሒሳብ ቁጥር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ሠራተኛ የመጀመሪያ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምርለታል። እኔ እያዘገምሁ 20 ቀን ደርሻለሁ። ከዚህም ላይ ለልቅሶ፣ ለሠርግና ለቤት ኪራይ ፍለጋ የሚቆረሰው ተቆርሶ፣ በዓመት ለዓይኔ የሚተርፈኝ አምስት ወይም ስድስት ቀን ቢሆን ነው። እነዚያን ቀናት ነው እንግዲህ አንድ ፊልም እንዲታይ ብዬ የሸፈንኋቸው።

ጠቤ ከወጣቱ ጋር አይደለም። እርሱ ያደረገው ሁላችንም የተስማማንበትን ነው። እኛ መንገድን እንደ ቅጣት መቁጠር ከጀመርን ቆየን። የተመለሰ ሰው ሲገኝ የምንጠይቀው «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» ብለን ነው። «ምን አየህ?» የሚል ሰው ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል አላጋጠመኝም፤ ብሎ የሚጠይቅም ቢኖር መልሱን በስልክ በተነሣ ፎቶግራፍ ይጠብቃል። መንገደኛው «ደረስሁ» የሚል መልእክት ይልካል፤ መድረሱን እንጂ መሄዱን የሚያበሥር የለም። በመነሻና በመድረሻ መካከል ያለው ሁሉ፣ አገር የሚባለው ነገር በሙሉ ማለት ነው፣ በፊልም፣ በእንቅልፍና በመጋረጃ የሚገደል ጊዜ ሆኗል።

መስኮት መክፈትማ አይነሣ። ኢትዮጵያዊ ከጅብ ይልቅ በመስኮት የሚገባ ንፋስ ይፈራል። ሃምሳ ሰው የሚያስል፣ የሚያነጥስና ብርቱካን የሚልጥ በአንድ የታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ ዐሥር ሰዓት ሲጓዝ ለጤናው የሚሰጋ የለም፤ አንድ ጣት የምታህል ክፍተት ስትታይ ግን «ብርድ ይመታኛል»፣ «ምች ይሆናል» ተብሎ አገር ይያዛል። የጤና ባለሙያዎች ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሲናገሩ «መስኮት ክፈቱ» እያሉ ጉሮሯቸው ደርቋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ ታክሲው በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ሲጭን በነበረበት ወቅት፣ ለጥቂት ወራት መስኮቶቻችን ተከፍተው ነበር። በዚያ የመከራ ጊዜ እንኳ ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ ከመስቀል አደባባይ እስከ መገናኛ የመንገዱን ሽታ፣ የጥብሱንም የቦዩንም፣ ተለይቶ ሲመጣ አውቀው ነበር። ሞት ሲርቅ ተመልሰን ዘጋነው።

አሁን ከመጋረጃዬ በስተጀርባ ምን እንዳለፈ ልናገር። መንገዱን በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ደጋግሜ ስለሄድሁበት፣ ተሸፍኖም ቢሆን በሰውነቴ አውቀዋለሁ፤ መኪናው ሲያዘነብል፣ ጆሮዬ ሲደፈን፣ ሙቀቱ ሲለወጥ የት እንደደረስን ይገባኛል። ከአዲስ አበባ 2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ መተሐራ ላይ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርድና፣ እንደገና ወደ ጨርጨር ተራሮች ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ደጋን፣ ወይናደጋንና ቆላን በአንድ ቀን ቁርስ፣ ምሳና እራት አድርጎ የሚያበላ መንገድ ነው። ያንን ሁሉ ሹራብ በማውለቅና በመልበስ ብቻ የሚያውቀው መንገደኛ ግን ብዙ ነው።

መተሐራ ሳይደረስ በሰቃ ሐይቅ አለ። አብዛኛው ሐይቃችን ደረቀ፣ ሸሸ፣ ተመናመነ ሲባል እንሰማለን፤ ይህ ግን እያደገ ያስቸገረ ሐይቅ ነው። በሃምሳዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ውሃ ዛሬ ከአርባ በላይ ሆኗል። የግጦሹን መሬት ዋጠ፤ አውራ ጎዳናውንና አሮጌውን የባቡር ሐዲድ ከፍ አድርጎ እንደገና መሥራት አስገደደ፤ ጨዋማ ስለሆነም የመተሐራን የሸንኮራ እርሻ ያሰጋል። አውቶቡሱ በውሃው ጠርዝ ሲያልፍ ለጥቂት ደቂቃ በጀልባ ላይ ያለህ ይመስልሃል። ከሐይቁ ዳር የተደረደረው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ትፋት ነው። ከመንገዱ በስተሰሜን የቆመው ፈንታሌ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ ፈንድቶ እንደነበር ይታወቃል። ድንጋዩን ለሚያይ ግን ትናንት የተደፋ ይመስላል፤ ሣር እንኳ ገና ሊደፍረው አልቻለም።

ይህ ተራራ ደግሞ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ላይ ሆነን አልጋችን ሲወዛወዝ፣ ሌሊት በፒጃማ ከኮንዶሚኒየም ደረጃ ስንወርድ፣ ከጎረቤቶቼ አንዱ «ፈንታሌ የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰውዬው ለንግድ ጅግጅጋ የሚመላለስ ሰው ነው። በተራራው ግርጌ ስንት መቶ ጊዜ እንዳለፈ እርሱም አያውቀውም። በዚያ ወቅት በአካባቢው ቤቱን ጥሎ የወጣው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ እኛ ግን ለማዘን እንኳ ካርታ ማየት ነበረብን። ታዲያ አንድ መጋረጃ ተራራን ያህል ነገር ከአንድ ሰው ዕድሜ ሊሰርቅ ይችላል ብል አጋነንህ የሚለኝ ማን ነው?

ከመተሐራ በኋላ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። መንገዱ መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል። ያን ዕለት ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ዕለት ትጠፋለች፤ እርሷ ስትፈለግ እኛ በሳላ ሜዳ አጠገብ አለፍን። ሜዳው ስሙን ያገኘው ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ ካለው ከሳላ ነው። በልጅነቴ አባቴ ጉልበቱ ላይ አቁሞ «ዝም ብለህ እይ፤ መጀመሪያ ምንም የለም፣ ቆይቶ አለ» ይለኝ ነበር። ልክ ነበር። ሳላ ከሣሩ ጋር ቀለሙ ይመሳሰላልና የሚያየው የሚቆይ ዓይን ነው። ሙሽራዋ መጨረሻ ላይ ተገኘች።

አንባቢ ሆይ፣ «የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር» ከሚሉት ወገን አትደምረኝ። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት ከተደሰቱት አንዱ ነኝ፤ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን ወደ ጎን ትቶ መሄዱ ቅር ቢለኝም ከከባድ መኪና ኋላ ሁለት ሰዓት መጎተትን አልናፍቅም። ስለ አሮጌው ባቡርም ተረት አላወራም፤ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ተሰብሮ የሚቆም ባቡር ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ያ ባቡር፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት በሌሊት አይጓዝም ነበር። ድሬዳዋ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን ይገባል። አዋሽ ላይ ከጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የዚያ ማደር ትዝታ ነው። መንገደኛው ሦስት ቀን ሙሉ ያለፈበትን አገር በብርሃን ያያል፤ የሚያይበት ሰዓት በባቡሩ ሕግ የታወቀ ነበር ማለት ነው። የዛሬው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ጣቢያዎቹ ግን ከከተሞቹ ወጣ ብለው ተሠርተዋልና ከተማውን ሳታይ ከተማው ደርሰሃል ትባላለህ።

በዚህ መንገድ ላይ ለመቸኮል እውነተኛ ምክንያት ያለው አንድ መንገደኛ ብቻ ነው፤ እርሱም ጫት ነው። ከአወዳይ የሚወጡት የጫት መኪኖች ሲበሩ ሾፌር ሁሉ ጥግ ይይዝላቸዋል። ጫት ከዘገየ ይጠወልጋል፤ ዋጋው ይወድቃል። ምክንያቱ ይገባኛል። እኛ ግን ሁለት ሰዓት ብንዘገይ ምናችን ነው የሚጠወልገው?

መልስ የሚሰጡኝ አሉ። አንደኛው «ደክሞኛል፣ ልተኛ» የሚለው ነው፤ ለእርሱ መልስ የለኝም፤ ይተኛ። በየሳምንቱ የሚመላለሰውን ነጋዴና ሕፃን ታቅፋ የምትጓዘውን እናት ማንም በግድ ተራራ ተመልከቱ ሊላቸው አይችልም። ሁለተኛው መልስ ከበድ ይላል። አንድ ወዳጄ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ የምታየው የሌላውን ሰው ችግር ነው። ከሰል የሚሸጠው ልጅ፣ ጀሪካን የተሸከመችው ሴት ላንተ ትዕይንት አይደሉም።» በዚህ ላይ ብዙ አሰብሁበት። እውነት ነው፤ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ድህነትን እንደ ሥዕል ማድነቅ ነውር ነው። ነገር ግን ነውሩን መጋረጃ አያጥበውም። ጀሪካን የተሸከመችው ሴት እኔ ባላያት ሸክሟ አይቀልም፤ ባያት ቢያንስ ውሃው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ዐውቃለሁ። ለሸንኮራው መስኖ የሚፈሰውን ውሃና የእርሷን ጀሪካን በአንድ መስኮት አይቶ ምንም የማይጠይቅ ሰው ካለ፣ በርግጥ ያ ሰው መጋረጃውን ቢዘጋ ያምርበታል።

ሦስተኛ ነገር ልጨምር፤ ይህ መልስ ሳይሆን ሐዘን ነው። ዛሬ እንደ ልብ የማይሄዱባቸው መንገዶች በዝተዋል። እኔ ራሴ ደብረ ማርቆስ ያሉትን ዘመዶቼን በስልክ እንጂ በአካል ከጠየቅኋቸው ዓመታት አለፉ፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ስንቱ ዘንድ በሕልም ብቻ ቀርቷል። መንገድ የሚዘጋበት ዘመን ላይ ሆነን፣ ክፍት በሆነው መንገድ ላይ በገዛ እጃችን መጋረጃ እንዘጋለን። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ማለቱን ዐውቃለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ጠቤ ከእናንተ ጋር ነው፤ ግጥም ከምትጽፉት፣ ከምታነብቡት፣ ከምታጨበጭቡት ጋር። ከራሴ ልጀምር። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የግጥም ምሽት ስለ አገር የጻፍሁትን ግጥም አነበብሁ። ጋራው ነበረበት፣ ሸንተረሩ ነበረበት፣ ፏፏቴው፣ ለምለሙ መስክ፣ የእረኛው ዋሽንት፣ ምን ቀረ? ተጨበጨበልኝ። ስወርድ አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙና ጠጋ አሉ። በኋላ እንደነገሩኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአሰብና በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። «ጋራው የትኛው ነው?»

«ምን አሉኝ አባቴ?»

«ያነሣኸው ጋራ። የትኛው ነው? ዐውቀው እንደሆን ብዬ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። የትኛውም አልነበረም። ከሌላ ግጥም የወሰድሁት ጋራ ነው፤ ያም ገጣሚ ከሌላ የወሰደው። ሽማግሌው አልሳቁብኝም። «እኔ ሁሉንም በስማቸው ነው የማውቃቸው፤ ፍሬን የሚበላ ስም አለው» ብለው ተሰናበቱኝ። እስከ ዛሬ ከደረሰብኝ የሥነ ጽሑፍ ሒስ ሁሉ እንደዚያ ያመመኝ የለም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ከጎጃም ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ በእግር ነው የሚኬደው። ደራሲው አገሩን በእግርና በበቅሎ የሚያውቁ ትውልድ ነበሩና የቦታው ስም፣ ቁልቁለቱ፣ ጥማቱ ሁሉ ክብደት አለው። የእኛ የአገር ግጥም ግን ክብደት የለውም፤ ከየትኛውም ቦታ ተነቅሎ የትም ሊተከል ይችላል። «ሸንተረር» የሚለውን ቃል ከግጥሞቻችን ላይ ለአምስት ዓመት ብናግድ ስንቶቻችን ሥራ ፈት እንደምንሆን አስቡት። አገር እንወዳለን እንላለን፤ በውስጧ ስናልፍ ግን የተኛን ነን። የምንወደው የተጻፈችውን እንጂ ያለችውን አይደለም፤ ያለችው አቧራ አላት፣ ሽታ አላት፣ ስም አላት፣ ታደክማለች።

ቁጣውን እዚህ ላይ ልግታና፣ በዚህ መንገድ ለሚጓዝ ሰው የሚጠቅም ነገር ልንገር። በበጋ ወደ ሐረር ስትሄዱ ጠዋት ፀሐይዋ በስተቀኝ ታዘነብላለችና ጥላ የሚፈልግ በግራ ይቀመጥ፤ ፈንታሌንም በግራ ያገኘዋል። በሰቃ ሐይቅንና ሳላ ሜዳን የሚፈልግ ግን በቀኝ ተቀምጦ ፀሐዩን ይቻል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ወንበር አልተሠራም። በስተኋላ ያለው የመጨረሻ ረድፍ ያንገጫግጫል፤ ከኋላ ጎማ በላይ ያለውም እግር አያስዘረጋም። ነጠላ ወይም ቀጭን ሻሽ መያዝ ደግ ነው፤ ፀሐይ የሚፈራ ራሱን ይሸፍን እንጂ አገሩን አይሸፍን። ለስልካችሁ የምትሰጡትን ባትሪ ለመመለሻው አስቀምጡት። ሂርና ወይም ጭሮ ላይ ሲቆም ውረዱ፤ ሻይ ጠጡ፤ ከሻይ ሻጯ ጋር ሁለት ቃል ተነጋገሩ። ቁልቢ ገብርኤልን በታኅሣሥ 19 ለመሳለም በእግሩ የሚሄደውን ሕዝብ በዚያ ሰሞን ብትጓዙ ታዩታላችሁ፤ ያንን ሰልፍ በመጋረጃ ሸፍኖ ያለፈ ሰው ግን ሂሳቡን ከመልአኩ ጋር ይተሳሰብ።

ስመለስ ከሐረር የተነሣነው ገና ሳይነጋ ነው። በዚህ ጊዜም መስኮት አጠገብ ነኝ። ከጎኔ አንዲት አሮጊት፣ እማማ እንበላቸው፣ ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል። አወዳይን አልፈን ጎሕ ሲቀድ ረዳቱ ቴሌቪዥኑን ነካ ነካ ሲያደርግ ልቤ መታ። መጋረጃውን አስቀድሜ ጥግ ድረስ ሰበሰብሁና ጫፉን በክርኔ ተጫንሁት። ከኋላ «ወንድም…» የሚል ድምፅ መጣ። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ አልዘጋም» አልሁ። ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ በባንክ መስኮት ብዙ ሰው የተሳደበኝ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ፈርቼ ግን አላውቅም። ከኋላ አንድ ሰው አጉረመረመ። ዝም አልሁ።

ትንሽ እንደሄድን ከጭጋጉ ሥር ውሃ ታየ። እማማ በላዬ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ? ውሃ ነው?»

«ሐረማያ ሐይቅ ነው እማማ።»

«ሂድ! ያ እኮ ደርቋል። ልጄ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሊሠራ የገባ ጊዜ እኔ በእግሬ መሐሉን ሄጄበታለሁ። ከብት ነበር የሚሰማራበት።»

«ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመልሷል።»

እማማ አላመኑኝም። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው ያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ፈጽሞ ደርቆ፣ ሲሚንቶው የፈረሰ የውሃ ጣቢያ ብቻ ሲቀር ያዩ ሰው ናቸውና ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። ግንባራቸውን ከመስታወቱ አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩ። በየዓመቱ በዚህ መንገድ እንደሚያልፉ ነገሩኝ፤ ልጃቸው አዲስ አበባ ነው።

«እና ይኼ ሁሉ ውሃ እዚህ ተኝቶ ማንም አልነገረኝም?» አሉ፤ ለእኔ አይመስለኝም። ፌስታላቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «እስቲ ቦታ እንለዋወጥ፤ አንተ ወጣት ነህ» አሉኝ።

ተለዋወጥን። እስከ ደንገጎ ድረስ ያየሁት የእርሳቸውን ነጠላ ብቻ ነው።